የሰናይት ተረከዝ

ሃያ ስድስት ዓመት እንጀራዬን የበላሁት ሰው እግር ሥር ተንበርክኬ ነው። ባለፈው መጋቢት ጡረታ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ጉልበቴ ጡረታ የጠየቀው ከእኔ ቀድሞ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሰው "እህት ማርታ፣ ለመሆኑ ሥራሽ ምን ነበር?" ማለት የጀመረው ሥራውን ከተውኩ በኋላ መሆኑ ያስቀኛል። ያን ሁሉ ዓመት ግማሹ ጫማ ሻጭ፣ ግማሹ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ የምሠራ እመስለው ነበር። "የስኖውቦርድ ባይንዲንግ እገጥም ነበር" ስላቸው ፈገግ ብለው ወሬ ይቀይራሉ።

ስለዚህ ከዚያው ልጀምር። ስኖውቦርድ በረዶ ላይ ቁልቁል የሚንሸራተቱበት ሰሌዳ ነው፤ ሁለቱም እግሮች አንድ ሰሌዳ ላይ ወደ ጎን ይቆማሉ። ባይንዲንግ የሚባለው ቡትሱን ከሰሌዳው ጋር የሚያያይዘው መያዣ ነው። የዱሮው ባለ ቀበቶ ነው። አንዱ ቀበቶ በቁርጭምጭሚት፣ ሌላው በጣቶች ላይ ያልፋል፤ ጥርስ ባለው ማጥበቂያ እየሳቡ ያጠብቁታል። ወደ ተራራው አናት ከሚያወጣቸው ሊፍት በወረዱ ቁጥር በረዶው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ካልሆነም ጎንበስ ብሎ ማሰር ነው። አዲሱን ስቴፕ ኢን ይሉታል። ቀበቶ የለውም። ቡትሱ ራሱ ከጣቶቹ ግራና ቀኝ እና ከተረከዙ በኩል መንከሻ ስላለው፣ ቆም ብለው ረገጥ ሲያደርጉት ቀጭ ቀጭ ብሎ ይያዛል። ለመውጣት አንዲት ማንሻ መሳብ ብቻ ነው። የሥራ ዘመኔ በእነዚህ በሁለቱ መካከል አለፈ። ትልቁ ጥፋቴም የመጣው የሁለቱን ልዩነት አፌ እያወቀው እጄ ስለረሳው ነው።

በወጣትነቴ አዲስ አበባ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ የጫማ የላይኛውን ቆዳ እሰፋ ነበር። በደርግ ጊዜ ወንድሜ ከታሰረ በኋላ በሱዳን በኩል ወጣሁ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እንደገባሁ መጀመሪያ ሆቴል አልጋ አነጠፍኩ፤ ቀጥሎ ጆርጂያ አቬኑ ላይ አንድ ጫማ ጠጋኝ ቤት ገባሁ። ከእኛ ሁለት በር አለፍ ብሎ የበረዶ ስፖርት ዕቃ የሚሸጥና የሚያከራይ ሱቅ ነበር። የተቀደደ ቡትስና የተበጠሰ ቀበቶ ወደ እኛ ይልኩ ነበር። አንድ ቀን የሱቁ ዋና ቴክኒሻን ራሳቸው ቡትስ ይዘው መጡ። ቀደም ብዬ የሰፋሁትን ስፌት በጥፍራቸው ሞከር ሞከር አደረጉና፣

"ይህን የሰፋው ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ፤ ችግር አለው?"

"ችግር የለውም። ለዚህ ነው የጠየቅኩት።"

በሚቀጥለው ሳምንት እሳቸው ዘንድ ሥራ ጀመርኩ። ደሞዙ ከጫማ ጠጋኙ በሰዓት ትንሽ ይሻላል፤ ኢንሹራንስም ነበረው።

ስማቸው ሚስተር ራልፍ ነው። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ አይለይም፤ እኔም በስማቸው ብቻ ነበር የምጠራቸው። በአማርኛ ሳስታውሳቸው ግን "አንተ" የሚለው አፌ ላይ እምቢ ይለኛል። ረጅም፣ ቀጫጫ፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይለይ ሰው ነበሩ። ከብዙ ወሬ ይልቅ ብዙ ልማድ ነበራቸው።

ደንበኛ ሲመጣ የሚያስቀድሙት እጅ መታጠብ ነው፤ በሞቀ ውሃ። "በበረዶ ወር ቀዝቃዛ እጅ እግር ሲነካ እግሩ ይሸማቀቃል፤ የተሸማቀቀ እግር ደግሞ ልኩን አይናገርም" ይሉ ነበር። ቀጥሎ በአራት የታጠፈ አሮጌ ምንጣፍ አንጥፈው ይንበረከካሉ። ሰውየው ቆሞ እሳቸው ቆመው እግር አይለኩም። ሌሎች ቴክኒሻኖች ሰሌዳው ላይ ከፊት የሚቆመው የደንበኛው እግር ቀኙ ይሁን ግራው ለማወቅ ከኋላ ገፋ አድርገው ቀድሞ የሚራመደውን ያያሉ። እሳቸው ይህን አይወዱም። "ሰው ከኋላው ሲገፋ እውነተኛ እግሩን አያወጣም፤ የደነገጠውን ነው የሚያወጣው" ብለው ደንበኛውን በካልሲ ወለሉ ላይ ያንሸራትቱታል። ሽማግሌውም ጠበቃውም እየሳቀ ይንሸራተታል።

ብሎን በኤሌክትሪክ ማጥበቂያ አያጠብቁም። አራቱን ብሎኖች በእጅ ካቻቪቴ፣ መጀመሪያ ሁሉንም ላላ አድርጎ፣ ከዚያ በመስቀል አቅጣጫ አንዱን ካንዱ እያለዋወጡ ነው የሚያጠብቁት። ብሎን ሲያጠብቁ አይናገሩም፤ ማንም አያናግራቸውም። አንድ ጊዜ የሱቁ ባለቤት ስለ አንድ ነገር ሲጠይቋቸው ዝም ብለው አራተኛውን ብሎን ጨረሱና፣ ቀና ብለው "አሁን ይቀጥሉ" አሏቸው።

ከሁሉም በላይ ግን የተረከዙ ነገር ነው። ቡትሱ ታስሮ ካለቀ በኋላ ቡትሱን በሁለት እጃቸው ከወለሉ ጋር አጣብቀው ይዘው፣ "አሁን ተረከዝህን ለማንሳት ሞክር" ይሉታል። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ውስጥ ያለው ተረከዝ ከፍ ካለ በመዳፋቸው ያውቁታል። ከዚያ ሌላውን እግር፤ የሰው ሁለት እግሩ እኩል አይደለምና። ይህን ሳያደርጉ ቡትስ ሸጠው አያውቁም። እኔንም ያለዚህ አላስሸጡኝም።

ስቴፕ ኢን የሚባለውን ነገር አምርረው ይጠሉ ነበር። ምክንያቱ የዱሮው ነው። እኔ ከመግባቴ በፊት የመጀመሪያዎቹ ወጥተው ነበር፤ የቡትሱ ሶል ሥር ብረት ያለበት፣ ሲረግጡት የሚነክስ። ብረቱ ሥር በረዶ እየተጋገረ አልነክስ ይላል፤ ከነከሰ ደግሞ ቀዝቅዞ አልፈታ ይላል። ቡትሱም ብረቱን እንዲሸከም ተብሎ እንደ ሳንቃ የደረቀ ነበር። ጥቂት ዓመት ታየና ጠፋ። ከመሬት በታች ያለው ዕቃ ቤታችን ውስጥ አንድ ሳጥን ሙሉ ቀርቶ ነበር። ዕቃ ቤት በወረድን ቁጥር ሚስተር ራልፍ ሳጥኑን በጫማቸው ጫፍ ገፋ ያደርጉት ነበር።

አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ሠራን። ቀስ በቀስ ጣቶቻቸው በሪህ መጠምዘዝ ጀመሩ። ካቻቪቴውን በሁለት እጅ መያዝ ሲጀምሩ ራሳቸው በቃኝ አሉ፤ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ አንዲት አፓርትመንት ገቡ። እኔም ሱቁ አሌክሳንድሪያ በከፈተው ቅርንጫፍ ዋና ቴክኒሻን ሆንኩ። በየቀኑ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ ድልድዩን እየተሻገርኩ ሄድኩ፣ መጣሁ።

አዲሱ ስቴፕ ኢን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ እኔም እንደ እሳቸው ፊቴን አዞርኩበት። ይህኛው ግን ሌላ ነገር ነበር። ሶል ሥር ብረት የለውም፤ ቡትሱ ለስላሳ ነው። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ አሜሪካዊ፣ ጀርባው በቀዶ ጥገና ብረት የገባለት። ሃያ ዓመት የወደደውን ስፖርት የተወው ከተራራው አናት ላይ ጎንበስ ብሎ ቀበቶ ማሰር ስላልቻለ ብቻ ነበር። ሱቁ ውስጥ ምንጣፉ ላይ ረገጥ አድርጎ ቀጭ ሲልለት፣ መልሶ አወጣው። እንደገና ረገጠው። አምስት ጊዜ ሳያደርገው አልቀረም። "ይኼው ነው?" አለኝ። "ይኼው ነው" አልኩት። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጠየቀኝ ሁሉ ሚዛኑን እናገር ነበር። ባለ ቀበቶው ከማንኛውም ቡትስ ጋር ይሄዳል፤ ቢበጠስ ቀበቶ ይቀየራል፤ ላላ ያለ ቡትስ ቢሆን እንኳ ጠበቅ አድርጎ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ስቴፕ ኢኑ ወገብንና ጊዜን ያድናል፤ ግን የራሱን ቡትስ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ በረዶውን ጠረግ ሳያደርጉ ከረገጡት ግማሽ ይነክሳል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከላይ የሚይዝ ቀበቶ ስለሌለው እግርን የሚይዘው ቡትሱ ብቻ ነው። ይህን በየቀኑ እናገር ነበር። ሰናይት የመጣች ቀንም ሳልናገረው አልቀረሁም።

ሰናይት በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ አልቶ፣ ማለትም ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ የምትዘምር፣ ውድብሪጅ የምትኖር፣ ጥርስ ሐኪም ቤት ጥርስ የምታጸዳ ልጅ ነች። ልጅ እላለሁ እንጂ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። የሥራ ጓደኞቿ በረዶ ላይ ሊወስዷት ቀጠሮ ይዘው፣ "እትዬ ማርታ ያሉበት ሱቅ ካልሆነ አልገዛም" ብላ በጥር ወር ቅዳሜ ቀን መጣች። ሰኞ በዓል ስለነበር ሱቁ ሰው በሰው ላይ ነው። ከኋላዋ አሥር ሰው ቁጥር ይዞ ቆሟል።

"ሰዎቹ በረዶ ላይ ዘርፈጥ ብለው ቀበቶ ሲታገሉ ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ" አለችኝ። "እኔ ያንን አልችልም እትዬ ማርታ። የሚረገጠውን ይስጡኝ።"

ልኳን ለካሁ፤ ቡትሱን አደረገችው።

"ውይ፣ ጣቴን ነካኝ። ጠበበኝ።"

አዲስ ቡትስ ሁሉ መጀመሪያ ጣት ይነካል። ጉልበት አጠፍ ሲል ጣቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ይህን ለማሳየት ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ግን ብድግ ብዬ ግማሽ ቁጥር የሚበልጠውን አመጣሁላት። ፊቷ ፈካ። ተነስታ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆም አለች።

"ተረከዜ ትንሽ ከፍ ከፍ ይላል መሰለኝ። ችግር የለውም?"

"ግድ የለሽም፤ ባይንዲንጉ ይይዘዋል" አልኳት።

ያንን ቃል ለባለ ቀበቶ ደንበኞች ስንት መቶ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ለእነሱ እውነት ነው። ከአፌ የወጣው በልማድ ነበር። አልተንበረከክሁም። ተረከዟን አልያዝኩም። ብትጎጂ ሱቁ አይጠየቅም የሚለውን ወረቀት አስፈርሜ "ጌታ ይጠብቅሽ፣ ተደሰቺ" ብዬ ሸኘኋት፤ ቀጣዩን ቁጥር ጠራሁ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ባሏ ዳንኤል ነበር።

"እትዬ ማርታ፣ ሰናይት ወድቃ እጇን ተሰብራለች። ደህና ነች፣ አይደንግጡ። ቀኝ እጇ ነው፤ አንጓው ላይ፣ ሁለት ቦታ።"

ቀኝ እጇ። የምትሠራበት እጅ።

በማግስቱ ከሥራ በኋላ ውድብሪጅ ሄድኩ። ሶፋ ላይ እጇ በጀሶ ታስሮ ተኝታለች። እንዴት እንደወደቀች ነገረችኝ፤ ልትዞር ስትል ሰሌዳው ዘገየባት፣ "እኔ ዞሬያለሁ፣ እሱ ግን አልሰማኝም" አለች። መጀመሪያ በአእምሮዬ የመጣው ባይንዲንጉ ለቀቀ ወይ የሚለው ነበር። ጋራዥ ገብቼ ሰሌዳውን ገለባበጥኩት። ብሎኖቹ ጠብቀዋል፤ መንከሻዎቹ ላይ ጭረት እንኳ የለም። እፎይ አልኩ። ወዲያው ደግሞ በእፎይታዬ አፈርኩ።

ከዚያ ቡትሱን አነሳሁ። ወደ ሳሎን ይዤው ገባሁና፣ "እስቲ አንዴ ላድርግልሽ፤ የማየው ነገር አለ" አልኳት። ለምን እንደሆነ እሷ ሳታውቅ፣ ያን ጊዜ ነው ሚስተር ራልፍ እንዳስተማሩኝ የተንበረከክሁት። ቡትሱን ከወለሉ ጋር አጣብቄ ይዤ "ተረከዝሽን አንሺ" አልኳት። ውስጡ ያለው ተረከዝ አውራ ጣቴን ያህል ከፍ አለ። ቀበቶ ቢኖረው ኖሮ ተጭኖ ይይዘው ነበር። ይህን የሚይዝ ግን ምንም ነገር አልነበረውም። ስትዞር መጀመሪያ ተረከዟ ቡትሱ ውስጥ ተነስቷል፤ ሰሌዳው የሰማት ከዚያ በኋላ ነው።

"ምን አገኙ?" አለች።

"ባይንዲንጉ ደህና ነው" አልኳት። ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

ለሱቁ ሥራ አስኪያጅ ነገርኩት። ወጣት ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። "ፈርማለች አይደል? ወረቀቱ አለ። አንቺ ምንም እንዳትናገሪ" አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ከሱ ይልቅ ያስፈራኝ የሰው ዓይን ነው፤ በጉባኤው ውስጥ ሥራዬን የሚያውቁት ጥቂቶች ልጃቸውን ይዘው እኔ ዘንድ ነበር የሚመጡት።

ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። ሾርባ ሠርቼ እወስዳለሁ፣ ፀጉሯን አበጥርላታለሁ፣ ልብሷን አጥፋለሁ። እናቷ ከበልትስቪል እየመጡ "አንቺን የመሰለች እህት ጌታ ስለሰጣት" እያሉ ይመርቁኛል። እሑድ መጋቢው ቆመው "የተጎዳችውን እንደ እህት ማርታ የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን?" አሉ። ሰው ዞሮ አየኝ። እኔ የመዝሙር ወረቀቱን ነው የማየው። ሰናይት ደግሞ ስጠይቃት ሁሉ የምትለው አንድ ነው፦ "እኔው ነኝ እትዬ ማርታ። ፈዛዛ ነኝ፤ በልጅነቴም ገመድ መዝለል አልችልም ነበር።" ሐኪሙ እጇ እንደ ድሮው ለመያዝ ወራት ሊፈልግ እንደሚችል ነግሯታል፤ ምን ያህል እንደሚመለስ ግን አላረጋገጠላትም።

በሦስተኛው ሳምንት ሚስተር ራልፍ ዘንድ ሄድኩ። በራቸውን ለመክፈት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው፤ መክፈቻው ሲዞር፣ ሲቆም ከውጭ ይሰማኝ ነበር። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። የሄድኩበትን ምክንያት ዛሬ አልደብቅም። ስቴፕ ኢን ይጠላሉ፤ "ያን ነገር አትሽጪ አላልኩሽም?" እንዲሉኝ ነበር የፈለግሁት። ያኔ ጥፋቱ የዕቃው ይሆንልኛል።

ተናግሬ ስጨርስ፣

"ተረከዟን ይዘሽ ነበር?" አሉ።

"አልያዝኩም።"

"እንግዲያው ባይንዲንጉን ተዪው።"

"እርስዎ ራስዎ ይጠሉት የለም እንዴ?" አልኩ፤ ድምፄ ከፍ አለ።

የተጠማዘዙ ጣቶቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጓቸው። "የጠላሁት ለምን እንደሆነ ነግሬሽ አላውቅም። እነዚያን የዱሮዎቹን ሁለት የበረዶ ወቅት ሙሉ እያመሰገንኩ የሸጥኳቸው እኔ ነኝ። አንዱንም በረዶ ላይ ሳልሞክረው። አንዲት ልጅ እግሯ ተይዞ አልፈታ ብሎ ሁለት ሰዓት ብርድ ላይ ቆየች። ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ከዚያ በኋላ ዕቃውን መጥላት ቀለለኝ።" አሉና ጨመሩ፤ "የዚያች ልጅ ስም እንኳ ዛሬ ትዝ አይለኝም። ያንቺዋን ግን ታውቂያታለሽ። ያለችበትንም ታውቂያለሽ።"

ከእሳቸው ቤት በቀጥታ ወደ ውድብሪጅ ነዳሁ። ሰናይት ብቻዋን ነበረች። ኮቴን ሳላወልቅ፣

"የምነግርሽ ነገር አለ" አልኳት።

"ምነው፣ በሰላም?"

"የሰጠሁሽ ቡትስ ይሰፋሻል። ተረከዜ ከፍ ይላል ብለሽ ነግረሽኝ ነበር፤ ባይንዲንጉ ይይዘዋል አልኩሽ። ቀበቶ ያለው ቢሆን ይይዘው ነበር። ያ ግን ቀበቶ የለውም። ተንበርክኬ ማየት ነበረብኝ፤ ሰው ስለበዛ አላየሁም። የወደቅሽው ፈዛዛ ስለሆንሽ አይደለም። የኔ ጥፋት ነው።"

ጀሶውን ነው የምታየው።

"መቼ ነው ያወቁት?"

"በወደቅሽ ማግስት። ቡትሱን ያደረግሁልሽ ጊዜ።"

"ሦስት ሳምንት ሆነው እኮ።"

"አዎ።"

"ሦስት ሳምንት እዚህ ተቀምጬ ራሴን ስሰድብ እርስዎ ይሰሙኝ ነበር።"

"እሰማሽ ነበር።"

"እጄስ እሺ፤ ሰው ይሳሳታል" አለች። "ፀጉሬን እያበጠሩ ዝም ማለትዎ ግን..." አልጨረሰችውም። "ይሂዱ እትዬ ማርታ። አልሳደብም። አሁን ግን ይሂዱ።"

ሄድኩ። መኪና ውስጥ ገብቼ ብዙ አለቀስኩ፤ ግን ሦስት ሳምንት ያላገኘሁትን እንቅልፍ ያን ሌሊት ተኛሁ። ሁለቱም እውነት ነው። በማግስቱ ለሥራ አስኪያጁ የተናገርኩትን ነገርኩት። ተቆጣ፤ ፋይሌ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ገባ። ጉዳዩ ለሱቁ ኢንሹራንስ ተጻፈ፤ ወረቀቱም የራሱን መንገድ ሄደ። ለመጋቢውም ነገርኳቸው፤ እንዲሁ ሲያመሰግኑኝ እንዳይኖሩ ብዬ። እሳቸውም ጸለዩልኝ።

ሰናይት ስልኬን ማንሳት አቆመች። ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ ራሷን ነቀነቅ ታደርግልኛለች፤ በቃ። አልተጫንኳትም። የሙቀቱ ወራት ሲያልቅ ወደ ሥራዋ መመለሷን የሰማሁት ለምስጋና ስትቆም ነው። ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ አሳየች፤ አንጓው ግን ሙሉ በሙሉ አይዞርም ነበር። ከሩቅ ለኔ ዓይን ያስታውቅ ነበር።

ሥራዬን ለወጥኩ። ስቴፕ ኢን የሚገዛ ሰው እኔ ዘንድ አርባ ደቂቃ ካልተቀመጠ አልሸጥለትም አልኩ። ከማቀዝቀዣ የተፈጨ በረዶ እያመጣሁ የባይንዲንጉ ተረከዝ መያዣ ላይ እጠቀጥቅበትና "አሁን ርገጠው" እላለሁ። ግማሽ ሲነክስ ምን እንደሚመስል እግሩ ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን ቀጭታ ሳይሰማ እንዳይነሳም ይማራል። ሥራ አስኪያጁ ምንጣፉ ረጠበ ብሎ አጉረመረመ። ደንበኛ የቸኮለ ከሆነ "ባለ ቀበቶ ይግዙ፤ ያኛው ለችኮላ ምሕረት አለው" እለዋለሁ። የሄደብኝም አለ።

በሚቀጥለው የበረዶ ወቅት፣ ታኅሣሥ ገደማ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት ሰናይት በሩን ከፍታ ገባች። በእጇ ቡትሱን በፌስታል ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ከዚያ ሰኞ ወዲህ ሰሌዳውን ጋራዥ ውስጥ ባየሁት ቁጥር ያበግነኛል" አለች። "ወይ እሸጠዋለሁ፣ ወይ እወርድበታለሁ። ልሸጠው አልፈለግሁም።"

"ተቀመጪ" አልኳት። ሄጄ እጄን ታጠብኩ።

መጀመሪያ ባለ ቀበቶውን አመጣሁላት። እውነቱን ለመናገር እሱን እንድትወስድ ነበር ልቤ የፈለገው፤ ፈርቻለሁ። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያለውን ማጥበቂያ በቀኝ እጇ ሳብ ሳብ ስታደርገው ፊቷ ተለወጠ። አንጓዋ ያንን መጠምዘዝ አይወድም። በግራ እጇ ሞከረች፤ አልጠበቀላትም። ተያየን።

"የሚረገጠው ነው እንግዲህ" አለች።

"የሚረገጠው ነው።"

ትክክለኛውን ቁጥር አደረግሁላት። "ጣቴን ነካኝ" አለች። "ጉልበትሽን እጠፊ። አሁንስ?" "ሸሸ።" ቡትሱን ከወለሉ ጋር አጣብቄ ያዝኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ግራው አልተነሳም። ቀኙ ጥቂት የተነሳ መሰለኝ። የውስጥ ሽፋኑን አውጥቼ በሙቅ አየር አለሰለስኩት፤ ከቁርጭምጭሚቷ በታች ስስ ስፖንጅ ቆርጬ ለጠፍኩበት፤ እንደገና አስገባሁት፤ እንደገና ያዝኩ። አልተነሳም። በረዶውን አመጣሁ፣ አስረገጥኳት፣ አስወጣኋት፣ አስረገጥኳት። ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀን። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ዕቃው ካልሆነ በቀር አልተነጋገርንም። ስትወጣ "አመሰግናለሁ" አለች፤ ልክ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይታ ቅዳሜ ማታ ደወለችልኝ። ፔንሲልቬንያ ድንበር ላይ ካለችው ትንሽ ተራራ እየተመለሱ ነው፤ የመኪናው ድምፅ ይሰማል።

"ወረድኩ" አለች።

"ስንት ጊዜ?"

"ስምንት። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ።"

"እጅሽ?"

"ደህና ነው። ሰሌዳው ይሰማኛል እትዬ ማርታ። ዙር ስለው ይዞራል።"

"ተመስገን" ብቻ አልኩ። እሷም ደህና ይደሩ ብላ ዘጋች።

በመጋቢት የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ቅዳሜ ነበር። የወቅቱ ማብቂያ ሽያጭ ስለነበር ሱቁ ተጨናንቋል። ከሰዓት በኋላ ቁጥር ስጠራ ዳንኤል፣ የሰናይት ባል፣ ወረቀቱን ይዞ ብቅ አለ። ሰናይት ከኋላው አለች።

"እሱም ካልመጣሁ አለ" አለችኝ። "ከሰኞ ጀምሮ እዚህ እንደማይኖሩ ሰማሁ። ስለዚህ ዛሬ እግሩን ይዩልኝ።"

ምንጣፌን አንጥፌ ተንበረከክሁ። ዳንኤል ሰዓቱን አየና በትህትና፣ "እትዬ ማርታ፣ ለመኪና ማቆሚያው የከፈልኩት ሰዓት ሊያልቅ ነው፤ ትንሽ ፈጠን ብንል ይቻል ይሆን?" አለ።

አፌን ሳልከፍት ሰናይት ቀደመችኝ። የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ወሰደችና፣

"መኪናውን እኔ አነሳዋለሁ" አለችው። "አንተ እሳቸው ጨርሻለሁ እስኪሉህ ድረስ ከዚህ ወንበር አትነሳም።"